«ደም ብዛት» የደም መብዛት አይደለም፦ ግፊትን ቤት ውስጥ በትክክል ለመለካት

ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ደም ብዛት አለብህ» የተባለ ሰው ደሙ ከልክ በላይ የሞላ ይመስለዋል፤ «ደም ማነስ አለብሽ» የተባለች ደግሞ ግፊት በአጠገቧ የማያልፍ ይመስላታል። ሁለቱ ግን የአንድ ሚዛን ሁለት ጫፎች አይደሉም። 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ 5 ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ግፊቱ 110 የሆነውም 170 የሆነውም ያው እዚያው አካባቢ ነው። ደም ብዛት የምንለው ደሙ የደም ስሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ሲጨምር ነው። ደም ማነስ ደግሞ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲጎድል ነው፤ የሚታወቀውም በላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ በግፊት መለኪያ አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይህ በተደጋጋሚ ይታያል። «እኔ እንኳ ያለብኝ ደም ማነስ ነው» ብሎ ግፊቱን ሳይለካ የሚኖር ሰው በጣም ያሳስበናል፤ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም ሳያሰማ ነው ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን የሚጎዳው።

መለኪያ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ነገር ግን በተሳሳተ አቀማመጥ የተወሰደ ቁጥር ጤነኛውን መድኃኒት ያስጀምረዋል፣ የታመመውን ደግሞ ያዘናጋዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን መመሪያ ከነምክንያቱ አስቀምጠናል።

ሁለቱ ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ?

ልብ ቡጢ የሚያክል፣ አራት ክፍሎች ያሉት ጡንቻ ነው። ቀኝ ጎኑ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራ ጎኑ ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣውን ተቀብሎ ወደ መላ ሰውነት ይገፋል። እረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በአንድ ምት የሚወጣው ደም 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና በሉት። ያ ስኒ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲቀዳ 5 ሊትር ይጠጋል፤ ማለትም ያለን ደም ሁሉ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ዞሮ ይመለሳል።

ደም ከልብ የሚወጣባቸው ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው ወፍራምና እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነው። የልብ የግራ ታችኛው ክፍል ሲጨመቅ ደሙ በኃይል ገብቶ ግድግዳውን ይለጥጠዋል፤ በዚያች ቅጽበት ያለው ግፊት የላይኛው ቁጥር ነው። ልብ ለመሞላት ዘና ሲል ደግሞ የተለጠጠው ግድግዳ ወደ ቦታው እየተመለሰ ደሙን መግፋቱን ይቀጥላል፤ ከሚቀጥለው ምት በፊት የሚቀረው ግፊት የታችኛው ቁጥር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ላስቲኩ ይደነድናል። አረጋውያን ላይ የላይኛው 160 ደርሶ የታችኛው 70 ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። «የታችኛው ደህና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የላይኛው ብቻውን ከፍ ማለቱም ደም ብዛት ነው። ደሙ በቀጫጭኖቹ የደም ስሮች አልፎ ኦክስጅኑን አራግፎ ወደ ደም መልስ ሲገባ ግፊቱ ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ስለዚህ የምንለካው ደም ቅዳ ላይ ነው።

ቁጥሩ የሚነገረው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 120 ማለት ሜርኩሪን በቱቦ ውስጥ 120 ሚሊ ሜትር ሽቅብ የሚያወጣ ግፊት ነው፤ ሜርኩሪ ከደም 13 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ያው ግፊት ደምን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ያወጣዋል። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው ሥራ፣ ፈረስ ደም ቅዳ ላይ ረጅም የመስታወት ቱቦ ሰክቶ ደሙ 2.5 ሜትር ገደማ መውጣቱን ገልጿል። ይህን ያነሳነው የክንድ ከፍታ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ስለሚያስረዳ ነው። ደም ክብደት አለው። ክንድዎ ከልብዎ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ የዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ደም ክብደት ተጨምሮ መለኪያው በ8 ገደማ ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ከፍ ካለ ደግሞ በዚያው ልክ ያሳንሳል። ክንዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚለካ ሰው ያልነበረበትን ግፊት ሊያገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

መለኪያውና መጠቅለያው

የሚገዙት ክንድ ላይ የሚታሰረውን አውቶማቲክ መለኪያ ይሁን። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ከልብ ከፍታ ጥቂት ሲዛነፍ ቁጥሩ አብሮ ይዛነፋል፤ በጣት ወይም በስልክ ካሜራ እንለካለን የሚሉትን ለሕክምና ውሳኔ አይጠቀሙባቸው። የመለኪያው ሞዴል በገለልተኛ ወገን ተፈትሾ ያለፈ መሆኑን ስትራይድ ቢፒ በሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ ስሙን ፈልጎ ማረጋገጥ ይቻላል። ከውጭ ለእናት ለአባት መለኪያ የሚልኩ ዘመዶች ከመግዛታቸው በፊት ይህን ቢያዩና የወላጆቻቸውን የክንድ ዙሪያ አስቀድመው ቢጠይቁ ገንዘባቸው በከንቱ አይባክንም።

የክንድ ዙሪያ ያልነው በቀላሉ አይታይ። በልብስ ሰፊ ሜትር ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ይለኩና መሃሉን ያግኙ፤ እዚያ ላይ ክንዱን ዞረው ይለኩ። ብዙዎቹ መለኪያዎች ይዘውት የሚመጡት መጠቅለያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ ትልቁ ደግሞ እስከ 42 ይደርሳል። ልኩ መጠቅለያው ላይ ተጽፏል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ካሰሩ አየሩ ደም ቅዳውን ለመዝጋት ከሚገባው በላይ መጨመቅ ይኖርበታል፤ ቁጥሩም ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ለቀጭን ክንድ የሰፋ ካሰሩ ተቃራኒው ይሆናል። ክንዳቸው 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው በተለመደው መጠቅለያ ሲለኩ ኖረው መድኃኒት ላይ መድኃኒት ሊጨመርባቸው ይችላል፤ ጥፋቱ የጨርቁ ሆኖ ሳለ።

መለኪያውን እንደገዙ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደሚከታተልዎት ሐኪም ይውሰዱትና በእነሱ መለኪያ ጎን ለጎን ያስተያዩት፤ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ ይድገሙት።

ከመለካት በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

ቡና፣ ሲጋራና የጉልበት ሥራ ቢያንስ 30 ደቂቃ አስቀድመው ይቁሙ። ቡና እየተፈላ ከሆነ ወይ ከአቦሉ በፊት ይለኩ፣ ወይ በረካው ካለቀ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ በአቦልና በቶና መካከል የተወሰደ ቁጥር አይያዝም። ጫት ግን በግማሽ ሰዓት አይለቅም። ውስጡ ያለው ካቲኖን የደም ስሮችን አጥብቦ፣ የልብ ምትን አፍጥኖ ግፊቱን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ የሚቅም ሰው ጠዋት ላይ ሳይጀምር ይለካ፣ ለሐኪሙም መቃሙን አይደብቅ።

ሽንት ይሽኑ። የተወጠረ ፊኛ የላይኛውን ቁጥር 10 እና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል።

አቀማመጥ

በርጩማ፣ ዱካና አልጋ ጠርዝ አይሆኑም፤ ጀርባ የሚደገፍበት የለም፣ ጡንቻም ሰውነትን ለማቆም ሲሠራ ግፊት ይጨምራል። ጥልቅ ሶፋም አይመችም። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ከሁሉ ይሻላል። ጀርባዎን ያስደግፉ፣ ሁለቱም እግሮች ወለሉ ላይ ይረፉ፣ እግር በእግር ላይ አይጣል። ክንድዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ፤ መጠቅለያው ከጡት ጫፍ ትይዩ እስኪሆን ድረስ ከስር የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ያስገቡ። ክንዱን ራስዎ አንጠልጥለው አይያዙ።

መጠቅለያው ባዶ ቆዳ ላይ ነው የሚታሰረው። የሹራብ እጅጌ ወደ ላይ ሰብስቦ መለካት የተለመደ ነው፤ የተሰበሰበው እጅጌ ግን ክንዱን እንደ ገመድ ያስርና ንባቡን ያበላሻል። እጅጌው የማይላላ ከሆነ ልብሱን ያውልቁ። የመጠቅለያው የታች ጠርዝ ከክርን እጥፋት ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤ ቱቦው ወይም የቀስት ምልክቱ በክርን እጥፋት ውስጠኛ በኩል ከሚሄደው ደም ቅዳ ላይ ይዋል። ጥብቀቱ ሁለት ጣት ከስሩ የሚያስገባ ይሁን።

ከዚያ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ስልኩ ይራቅ። ሲለካም አይነጋገሩ፤ ተራ ወሬ እንኳ የላይኛውን ቁጥር እስከ 10 ይጨምራል። አጠገብዎ ያለው ሰው «ስንት ሆነ?» እያለ ቢጠይቅ መልሱ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ስንት ጊዜ፣ መቼ፣ በየትኛው ክንድ?

የመጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንዶች ይለኩ። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ግድ የለም፤ ተደጋግሞ ከ10 በላይ ከሆነ ከፍተኛውን በሚያሳየው ክንድ ይቀጥሉ፤ ከ15 በላይ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፣ ወደ አንዱ ክንድ የሚሄደው ደም ስር ጠቦ ሊሆን ይችላልና። ለኩላሊት እጥበት የደም ስር የተቀጠለበት ክንድ ላይ ፈጽሞ አይለኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰባት ቀን ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቁርስም የግፊት ኪኒንም ሳይወስዱ፤ ማታ ደግሞ ከመተኛት በፊት። በየጊዜው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በመካከላቸው አንድ ደቂቃ እየጠበቁ። ጠዋት ከኪኒኑ በፊት የምንለካው የትናንቱ መድኃኒት ሌሊቱን ሙሉ መድረስ አለመድረሱን ለማየት ነው። በጾም ሰሞን የሚበሉበትና መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ከተለወጠ፣ የተለወጠውን ሰዓት ከቁጥሩ ጎን ይጻፉት። የመድኃኒት ሰዓት ለውጥ ግን ከሐኪም ጋር ተነጋግረው የሚያደርጉት ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ቁጥሮች ይተዉዋቸው፤ ሰውነት ለመለኪያው እንግዳ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላሉ። የቀሩት ስድስት ቀናት 24 ንባቦች ይሰጣሉ። ለምሳሌ የላይኞቹ ቁጥሮች ድምር 3,312 ቢመጣ ለ24 ሲካፈል 138 ነው፤ የታችኞቹ 2,016 ቢሆኑ 84። ቤት ውስጥ ሲለካ የደም ብዛት መነሻ አማካይ 135 በ85 ነው፤ ከሁለቱ አንዱ እዚያ ከደረሰ ይበቃል። ስለዚህ ይህ ሰው 84ቱን አይቶ ዝም ማለት የለበትም፣ በ138ቱ ምክንያት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በጤና ተቋም ሲለካ ግን መነሻው 140 በ90 ነው፤ ሐኪም ፊት መቀመጥ ብቻውን የብዙ ሰው ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ነው ቤት ያለው መስፈርት ዝቅ ያለው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ 130 በ80 ሲባል ትሰማላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ መስፈርቱን ዝቅ አድርጎታል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪምና ዋሺንግተን ያለው ሐኪም በዚህ ቢለያዩ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የሚከተሉት መመሪያ ነው የተለያየው።

ብቻውን የወጣ አንድ ከፍተኛ ቁጥር ምንም አይወስንም። ከተናደዱ፣ ካላንቀላፉ፣ ከታመሙ ግፊት ይወጣል፣ ይወርዳል። ደጋግሞ በየአሥር ደቂቃው መለካትም ራሱ ያስጨንቃል፣ ጭንቀቱም ቁጥሩን ያወጣዋል። ከሰባቱ ቀን በኋላ በምን ያህል ጊዜ እንደሚለኩ ሐኪምዎ ይንገርዎት።

180 በ120 ሲያዩ

መጀመሪያ አቀማመጥዎን ያስተካክሉ፣ 5 ደቂቃ ይረፉ፣ ይድገሙት። አሁንም እዚያው ከሆነና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መያዝ፣ የዓይን መጋረድ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እነዚህ ምልክቶች ካሉ ቁጥሩ 180 ባይደርስም አይጠብቁ። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101። ምልክት ከሌለ የዚያኑ ዕለት ሐኪምዎን ያግኙ። ሎሚ ጠጥቶ ወይም ነጭ ሽንኩርት በልቶ እስኪወርድ መጠበቅ፣ የጎረቤት ኪኒን መዋስ፣ የራስን ኪኒን ደርቦ መዋጥ አይገባም። ግፊት በድንገት ሲወርድ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ይህም ራሱ ሊጎዳ ይችላል።

ነፍሰ ጡር እናት ላይ ወሰኑ ሌላ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140 በ90 ከታየ በቀጠሮ የሚያድር ጉዳይ አይደለም፣ የዚያኑ ዕለት ትታይ፤ 160 በ110 ከሆነ፣ ወይም ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል ሕመም ካለ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ትወሰድ። የምትለካበት መሣሪያ ለነፍሰ ጡሮች መፈተሹንም ያረጋግጡ።

ምቱ ሲዛባ

አውቶማቲኩ መለኪያ የሚሠራው በደም ቅዳው ትርታ ነው፤ ትርታው ካልተስተካከለ ንባቡም አይታመንም። ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት የተራራቁ ቁጥሮች ካገኙ ትርታዎን በጣት ይቁጠሩ። በአውራ ጣት በኩል ካለው የእጅ አንጓ ጎን ላይ ሁለት ጣት፣ ጠቋሚውንና መሃሉን፣ ቀስ ብለው ያሳርፉ። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው አይቁጠሩበት። ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ያለ ሥርዓት የሚመታ ከሆነ በልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ምት ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋና ወደ አንጎል እንዲሄድ ሊያደርግ ስለሚችል ከግፊቱ ቁጥር ያላነሰ ትኩረት ይሻል።

በእጅ የሚነፋውን መለኪያ የሚጠቀም ቤተሰብ ካለ፦ ጣት አንጓው ላይ አድርጎ ትርታው እስኪጠፋ ይንፉ፣ ከዚያ 30 ጨምሩበት፤ ማዳመጫውን በክርን እጥፋት ውስጠኛ ጎን አሳርፈው አየሩን በሰከንድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር እያወረዱ ይልቀቁ። የመጀመሪያው ድምፅ የላይኛው፣ ድምፁ ጨርሶ የሚጠፋበት የታችኛው ነው። በፍጥነት ከለቀቁት በሁለት ምት መካከል ቁጥሮች ያመልጡና የላይኛው አንሶ፣ የታችኛው ከፍ ብሎ ይነበባል።

ስለ ጨው

እዚህ ላይ «ደም ብዛት» የሚለው ስም ጥቂት እውነት አለው። ጨው ውኃ ይይዛል፤ የተያዘው ውኃ የደሙን ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ የሁሉም ምግብ ድምር ሆኖ። እኛ ቤት ግን ጨው ወጡ ላይ ሲጨመር ብቻ አይደለም የሚገባው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለው፣ ሽሮው ሲፈጭ አለው፣ ከዚያ ወጡ ሲበስል ደግሞ ይጨመራል። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ጨውን ወጡ ሲወርድ ለክቶ አንድ ጊዜ ብቻ መጨመር ለቤተሰቡ ሁሉ ይጠቅማል።

ማስታወሻው

መለኪያው ያስታውስልኛል ብለው አይተዉት፤ ባልና ሚስት አንዱን መሣሪያ ሲጋሩ ቁጥሮቹ ይቀላቀላሉ። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የላይኛውን፣ የታችኛውን፣ የልብ ምቱንና ኪኒኑ የተወሰደበትን ሰዓት በአንድ መስመር ይጻፉ። ቁጥሩን ወደ ሙሉ አሥር አያጠጉት፤ 137 ከሆነ 137 ይጻፍ። ከመቀመጫ ሲነሱ የሚያዞርዎት ከሆነ፣ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ የለኩትንም ያክሉበት፤ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን እንደገና ሊያየው ይችላል። ቁጥሩ ስለተስተካከለ ኪኒኑን አያቁሙ፤ የተስተካከለው ኪኒኑን እየወሰዱ ስለሆነ ነው። ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ደብተሩንም መለኪያውንም ይዘው ይሂዱ።